ስለ ጠፉት ሠላሳ አምስት ደቂቃዎች ለባሃማር ዋና ጠባቂ የቀረበ ልመና

ለተከበሩ ዶን ሬናቶ ኦያርሱን
የ«ባሃማር» ፕሮግራም መሥራችና ዋና ጠባቂ
ቫልዲቪያ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ በፕሮግራሙ ገጽ ላይ እንደሚበሩት የመፈተሻ ምልክቶች ዘወትር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ፣ ጉንፋንም ሆነ የወገብ ሕመም ወደ እርስዎ ሊመጣ ቢነሣ በር ላይ «ከነባሩ ጋር ይጋጫል» ተብሎ እንዲመለስ ከልቤ እመኛለሁ። በቫልዲቪያ ዝናቡ በርትቷል ሲባል ሰምቻለሁና እንጨትዎ ደረቅ፣ ምድጃዎም ሞቃት ይሁንልዎ።

እኔ ዳማሪስ ናውቶ እባላለሁ። በቺሎዌ የውስጥ ባሕር ከሚገኙት ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ፣ በኬልታይ፣ ከእናቴ ጋር የምኖር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። የደሴታችን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ የእኔም ትምህርት እዚያው አብቅቷል፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስህተት ካገኙ እንደ ልማድዎ የእኔን ጥለው የእርስዎን በመተካት ሊያርሙት ይችላሉ። በየወሩ በሚደረገው የበጎ ፈቃደኞች የድምፅ ስብሰባ ላይ ማይክሮፎኗን ዘግታ እስከ መጨረሻው የምትቀመጥና በመጨረሻ «እሺ» ብላ የምትጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ብዙ ነገር በሆዴ ይዤ ቆይቻለሁ። መጻፍ ግን ያን ያህል አያስፈራኝም።

ደብዳቤውን በፕሮግራሙ የውይይት ገጽ ላይ በግልጽ የለጠፍኩት ከእርስዎ ሌላ የደሴታችን ሴቶችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። እነርሱ የእርስዎን ሥራ ስለማያውቁት በፈቃድዎ በአጭሩ ላስረዳ። ባሃማር ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ በስልክ የሚናገር ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው የራሱን ቅጂ ወስዶ፣ ቅርንጫፍ ብሎ ሰይሞ፣ በዚያ ላይ የሚያሻሽለውን አሻሽሎ «ከዋናው ጋር ይዋሃድልኝ» ብሎ መላክ ይችላል። ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በተለያየ መንገድ የለወጡት እንደሆነ ኮምፒውተሩ ከሁለቱ አይመርጥም። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አስቀምጦ፣ መካከላቸው የእኩልነት ምልክቶችን ደርድሮ፣ ሰው መጥቶ ሁለቱን አንብቦ እስኪያስታርቅ ይጠብቃል። ይህ ግጭት ይባላል፤ አስታራቂውም እርስዎ ነዎት። በእኛ ደሴት አስታራቂ የሚባለው የሁለቱንም ወገን ቃል የሚሰማ ሰው ነው። በቫልዲቪያ ግን አሠራሩ ሌላ መሆኑን ባለፉት ስድስት ወራት ተምሬያለሁ፤ ያለ ክፍያ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን እንደ ቅደም ተከተላቸው እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ፊደል ተራ።

ፕሮግራሙ የባሕሩን ሰዓት የሚያሰላው ለዋናው ወደብ ነው፤ ለሌሎቹ ዳርቻዎች ደግሞ «ከወደቡ ይህን ያህል ደቂቃ ይቀድማል» ወይም «ይዘገያል» የሚል አንድ አንድ መስመር አለው። ኬልታይ መስመር አልነበራትም። በእኛ ቦይ ባሕሩ ከወደቡ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይዞራል። ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ኤዲታ ስልክ የሚባል ነገር ደሴታችን ሳይደርስ ጀምሮ «ወደቡ ሲያንቀላፋ የእኛ ባሕር ተነሥቶ ፊቱን ታጥቧል» ትላለች። እኔ ያደረግሁት በጀልባ መውረጃው ላይ መለኪያ የተቀረጸበት እንጨት ቸንክሬ፣ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ ማንበብና በደብተር መመዝገብ ብቻ ነው። ትኩሳት ይዞኝ አሥራ አንድ ቀን አምልጦኛል፤ ስለዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በማርች ወር የደሴታችንን ስምና ያንን ቁጥር የያዘ መስመር ላክሁ። በዚያው ሳምንት እርስዎ የዳርቻዎቹን ፋይል በሙሉ በፊደል ተራ አሰልፈውት ኖሯል። ሥራው ያማረ ነው፤ ፊደል ተራውን የማያውቅ ባሕር ብቻ ነው የሚቀየመው። መቶ አርባ መስመሮች ቦታ ስለተለዋወጡ የእኔዋ አንዲት መስመር ከሁሉም ጋር ተጋጨች። እርስዎም መስመር በመስመር ከማየት ይልቅ ለፋይሉ በጠቅላላ «የእኛን ውሰድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጡና «ግጭቱ ተፈቷል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው» ብለው ጻፉልኝ። በእርግጥም ተፈቷል፤ ከሁለት ተጣዪዎች አንደኛው ከቤት ከተባረረ ጠብ አይኖርም።

ሁለተኛ፦ ስለ ምንጭ።

በሜይ ወር መስመሬን በፊደል ተራዋ ላይ አስቀምጬ መልሼ ላክሁ። እርስዎም «መረጃው ከየት የተገኘ ነው? ምንጭ ይጠቀስ» ብለው ጠየቁ። «ከባሕሩ» ብዬ መለስኩ። የቀለድኩ መስሎዎት ኖሮ ጥያቄዬን «ያልተሟላ» የሚል ምልክት አደረጉበት። እኔ ቀልድ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ በስብሰባው ላይ ዝም ብዬ አልቀመጥም ነበር። የደብተሬን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቼ በጤና ጣቢያው ኢንተርኔት ለመላክ፣ እርሱ ደግሞ ሐኪሟ ከሌለች ስለሚዘጋ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በዚህ መካከል ለአዲስ አስተዋጽዖ አድራጊዎች የሚሰጠውን ተለጣፊ ምስል በፖስታ ስለላኩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። አድራሻው ምንም አልተሳሳተም። ፖስታውን ለዋናው ወደብ ልከው «ኬልታይም ያው ወደቡ ናት» አላሉም፤ ከወደቡ ወዲህ ሁለት ጀልባ ተሳፍሮ ነው የደረሰኝ። ለተለጣፊ ምስል ርቀት እንዳለን የሚያውቁ ሰው ለባሕሩ ርቀቱን የነፈጉበት ምክንያት ምን እንደሆነ ብዙ አስቤ አልደረስኩበትም።

ሦስተኛ፦ ስለ ባዶ ቦታ።

በጁን ወር በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ባዶ ቦታ ከአንድ ሰፊ ወደ አራት ጠባብ ለወጡት። ሁሉም መስመር ተጋጨ። «የእኛን ውሰድ» አሉ። የተጣላነው ስለ ባዶ ነገር ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም።

አራተኛ፦ ስለ ስምና ስለ ዜሮ።

በኦገስት ወር መጨረሻ ላይ ግን ትልቅ ቸርነት አደረጉልኝ። ግጭቱን ከፍተው የመስመሬን ግማሽ ወሰዱ። «ኬልታይ» የሚለውን ስም ከእኔ፣ ደቂቃውን ደግሞ ከራስዎ ወሰዱ፤ የእርስዎ ደቂቃ ዜሮ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን እንዲጮህ ብዬ አብሬ የላክሁት መፈተሻም ጮኸ፤ ስለጮኸም አጠፉት። ከዚያ በኋላ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

በእኛ አገር ሰው ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውር ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቤቱንም እንዳለ በግንድ ላይ ያንሸራትቱታል። ይህ ሚንጋ ይባላል። ባለቤቱ አስቀድሞ በየቤቱ ዞሮ ይለምናል፤ ቤቱ ሲጎተትም ከበሬው ፊት ሆኖ እያንዳንዱን ማዕዘን ያያል። እርስዎ የእኔን ቤት ሲያዛውሩ ደጃፉን ተሸክመው ሄዱና ወለሉን እዚያው ተዉት። ሰው ደግሞ ደጃፍ ካየ ይገባል።

ሴቶቹም ገቡ። የደሴታችን ስም በስልክ ውስጥ በታየ ዕለት እናቴ ሚልካኦ የምንለውን የድንች ዳቦ ጋግራ ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰች። «ካርታ የሚሠሩት ሰዎች እንኳ የሚዘሏትን ኬልታይን ልጄ አስገባቻት» እያለች በየደጁ ዞረች። እኔ ቁጥሩን ያየሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ወዲያውኑ ጻፍኩልዎ። እርስዎም «በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» ብለው በትሕትና መለሱልኝ። ለሴቶቹ ግን አልነገርኩም። እናቴ ደስ ብሏት ስለነበር ደስታዋን ማበላሸት ከበደኝ፤ ቁጥሩ ቶሎ የሚስተካከልም መስሎኝ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ስለሆነ በእርስዎ ላይ ካለኝ ቅሬታ ጋር አልቀላቅለውም።

ሴፕቴምበር ዘጠኝ ፒልካን ነበር፤ ባሕሩ ከሌላው ቀን ሁሉ ርቆ የሚሸሽበት ቀን ነው። ያን ዕለት ጠዋት እናቴን ጨምሮ ሰባት ሴቶች ሉጋ የምንለውን ቀይ የባሕር ሣር ሊሰበስቡ «ጀርባ» ወደሚባለው የአሸዋ ጉብታ ወጡ። ወደ ጀርባ ለመድረስ ጎድጓዳ መሻገር አለ፤ ባሕሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞላውም ያው ጎድጓዳ ነው። ጉብታው ላይ የቆመ ሰው ውሃው እግሩን ሳይነካው መመለሻ መንገዱ ሊዘጋበት ይችላል። በሌላ ቀን ሴቶቹ ስልክ አያዩም፤ በዳሩ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ነው የሚያዩት። ያን ዕለት ጭጋግ ስለነበረ ድንጋዩ አልታየም፤ እናቴም ስልኳን አወጣች። ስልኩ «ኬልታይ፣ የመመለሻ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ» ይላል። ትክክለኛው ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር።

ጎረቤታችን ዶኛ ክሎሪንዳ ቀና ብለው «ኤዲታ፣ ሆዴ አልወደደውም። የውሃው ድምፅ ተለውጧል፤ እንውጣ» ብለዋት ነበር አሉ።

እናቴም «ገና ግማሽ ሰዓት አለን፣ ዶኛ ክሎሪንዳ። ይህን የሠራችው እኮ ልጄ ናት» አለቻቸው።

ክቡር ሆይ፣ በስድስት ወር ውስጥ ከላክሁልዎ መስመሮች ሁሉ ይህችን አንዲት መስመር ብቻ ከልብዎ ጋር ቢያዋህዷት ሌላውን ሁሉ በተውኩት ነበር።

ጎድጓዳው ጋ ሲደርሱ ውሃው ለእናቴ እስከ ደረቷ፣ ለዶኛ ክሎሪንዳ እስከ አንገታቸው ሆኗል። ዶኛ ክሎሪንዳ መዋኘት አይችሉም፤ በደሴታችን ብዙው ሰው አይችልም። ሴቶቹ ጆንያዎቻቸውን ለባሕሩ ለቀው፣ የጆንያዎቹን ገመድ ቀጣጥለው፣ በወገባቸው ታስረው በአንድነት ተሻገሩ። አንዷ ብትወድቅ ሌሎቹ ይጎትቷት ነበርና ሁሉም ወጡ። ዶኛ ክሎሪንዳ ግን ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ በጤና ጣቢያው ሁለት ቀን ተኙ።

ልጠይቃቸው ሄጄ በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እርሳቸው ናቸው ያዩኝ።

«ነይ ግቢ አንቺ ልጅ፤ ቅዝቃዜውን ታስገቢብኛለሽ» አሉኝ። ገባሁ። «ከተጠመቅሁ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቄሱ የረሱት ነገር ቢኖር እንኳ ውሃ ከመሙላትሽ በፊት ብታማክሪኝ ጥሩ ነበር።»

ሳቅሁ፣ ከሳቁም መካከል አለቀስኩ። እርሳቸው ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ወደ እኔ አዞሩት። ከሰዓቱ በታች በትንንሽ ፊደል «የዚህ ዳርቻ መረጃ፦ ዳማሪስ ናውቶ» ይላል።

«ይህች አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰዓቱንስ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ ዶኛ ክሎሪንዳ።»

«ታዲያ ስምሽ እዚያ ምን ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ስምና ቁጥር ከሁለት ቅርንጫፍ መጥተው አንድ መስመር ላይ ቢጋቡም፣ ፕሮግራሙ በወላጅነት የመዘገበው እኔን ብቻ ነው። ዜሮው የእኔ ልጅ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። በፊት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ «ዳማሪታ፣ ነገ ባሕሩ ምን ይላል?» እያሉ ይከቡኝ ነበር። እኔም ጫማዬን እያየሁ ሰዓቱን እነግራቸው ነበር። ሰው ከእኔ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ ያ ብቻ ነበር፤ ለእኔም በቂዬ ነበር። አሁን ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ስለ ድንች ይጠይቁኛል፣ ስለ ባሕሩ ግን አንድም ቃል የለም። ሊያሳፍሩኝ ፈልገው አይደለም፤ ያዝኑልኛል። እናቴም ሰዓቱን ከእኔ አትጠይቅም፤ ሌሊት የተነሣች እንደሆነ ወደ ዳሩ ወርዳ ባሕሩን በእጇ ትነካዋለች።

አምስተኛ፦ ስለ አንድ አኃዝ።

ከአደጋው ማግሥት ዜሮውን ሰርዤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ሠላሳ አምስት ጽፌ ላክሁ። ከዚህ ያነሰ ለውጥ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እርስዎ «ሌላ ሰው የያዘው ሥራ አለ፤ ከዋናው ጋር ይጋጫል። አስማምተሽ መልሰሽ ላኪ» አሉ። አስማምቼ መልሼ ላክሁ። እስኪደርስዎ ድረስ የፋይሉን ስም ለውጠውት ነበር። አዲሱን ፋይል ፈልጌ አግኝቼ እንደገና ላክሁ። በዚያ ጊዜ ደግሞ ደቂቃዎቹን ወደ ሰከንድ እየለወጡ ነበር። ባሕሩ በቀን አራት ጊዜ ብቻ ነው አሳቡን የሚለውጠው፤ እርሱን መከታተል ከእርስዎ ይልቅ ቀሎኛል።

እዚህ ላይ ቅሬታዬ አበቃ፤ ከእኔ ወገን የሆነውንም ባልናገር ግን አስታራቂ ሆነው ሊያነቡልኝ አይገባም ማለት ነው።

በጁላይ ስብሰባ ላይ «የዳርቻዎቹን ፋይል አስተካክዬ ላዋህድ ነው። የሚቃወም አለ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጠይቀውም ጠበቁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አይጠብቅም። እኔ ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። ከኋላዬ የእናቴ ሬዲዮ ይጮህ ነበር። እርስዎ «ማን ነው? እንስማ» አሉ፤ በጥሩ ድምፅ ነው ያሉት። እኔ ግን ማይክሮፎኑን ዘጋሁ፣ «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። የፕሮግራሙንም ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ አንብቤዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ መቶ በላይ ግጭቶችን ብቻዎን ፈትተዋል፤ ማንም ደመወዝ አይከፍልዎትም፤ በገና በዓል ዕለት እንኳ ሁለት ፈትተዋል። ሰው ዘጠኝ መቶ ጊዜ ሲያስታርቅ ጆሮው ይደክማል። የደከመ ጆሮም ከሁለት ድምፅ የለመደውን ይመርጣል፤ የለመደው ደግሞ የራሱን ነው። ይህን ስለተረዳሁ እርስዎን ለመጥላት የሞከርኩበት አንድ ሳምንት ባክኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። አዲሱ እትም በዚህ ዓርብ ተቆልፎ እስከ ጃንዋሪ እንደማይከፈት አስታውቀዋል። ቀጣዩ ፒልካን ኦክቶበር ስምንት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሉጋው ወቅት ስለሆነ ከኬልታይ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ደሴቶችም ሴቶች ወደ ጀርባ ይወጣሉ። እነርሱ ስለ ሴፕቴምበሩ ነገር ሁሉም አልሰሙም፤ ስልክ ግን ሁሉም አላቸው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርገው፣ ሁለቱንም ራስዎ አንብበው፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ይመርምሩ። የደብተሬ ፎቶዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ሁለቱን ካነበቡ በኋላ የእርስዎን ቢመርጡ አልከራከርዎትም፤ ሳያነቡ የእኔን ቢመርጡም ደስ አይለኝም።

ሰዓቱን የማይወስዱ ከሆነ ግን ስሙንም ይመልሱልኝ። «ኬልታይ» የሚለውን ከፋይሉ፣ «ዳማሪስ ናውቶ» የሚለውንም ከሥሩ ያውጡልኝ። ኬልታይ በስልኩ ውስጥ ካልተገኘች ሴቶቹ ድንጋዩን ያያሉ፤ ጭጋግም ከሆነ የማቴ ሻያቸውን እየጠጡ ቤታቸው ይቀመጣሉ። ባዶ ቦታ ማንንም አያሰምጥም። ከምንም በላይ የሚያሰጋኝ ግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉውን ይመስላልና።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሳልጠየቅ ተናገርኩ። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። «ስልኩ የሚለው ሰዓት የእኔ አይደለም። የእኔ ከዚያ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ኦክቶበር ስምንት በሁለት ሰዓት ላይ ጎድጓዳውን ተሻግራችሁ ጨርሱ» አልኳቸው። ከዚያ ዶኛ ክሎሪንዳ መዳፋቸውን ዘርግተው ብዕር ለመኑና ሰዓቱን በእጃቸው ጀርባ ላይ ጻፉት። «እጄን ማንም አያዋህድብኝም» አሉ። ሌሎቹም ብዕሩን ተቀባበሉ። ስለዚህ የኬልታይ ሰባት ሴቶች በእኔ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው፤ የሚያሳስበኝ የጎረቤት ደሴቶቹ ነው። የእነርሱ እጅ ጋ አልደርስም። እርስዎ ግን በአንድ አኃዝ ይደርሳሉ።

ለሚያደርጉልኝ ሁሉ፣ ለማያደርጉልኝም ጭምር አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ የቤትዎ ጣሪያ እንዳያፈስ፣ ዳቦዎ እንዳይሻግት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚፈቷቸው ግጭቶች ሁሉ ሁለቱም ወገኖች በሕይወት የሚወጡባቸው እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በአክብሮትና አንገቴን ደፍቼ፣ ይህን ጊዜ ግን ማይክሮፎኔን ከፍቼ እሰናበትዎታለሁ፤

የዘወትር አክባሪዎ፣
ዳማሪስ ናውቶ
ኬልታይ ደሴት፣ ሴፕቴምበር 24

ማሳሰቢያ፦ ዜሮው ትክክል ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ ኦክቶበር ስምንት በክብር እንግድነት እንዲገኙልን እናቴ ጋብዛዎታለች። ጀርባ ላይ አብረን እንወጣለን፤ እኛ በእኔ ሰዓት እንመለሳለን፣ እርስዎ በራስዎ ሰዓት ይመለሳሉ። የአባቴን ረጅም ቦቲ ታውስዎታለች፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ውሃው በእርስዎ ሰዓት እስከ የት እንደሚደርስ ዶኛ ክሎሪንዳ በእጃቸው ሊያሳዩዎት ፈቃደኛ ናቸው። እርስዎ ከእርሳቸው ረዘም ያሉ ከሆኑ ትንሽ ይቀንስልዎታል።